ሁለት መቶ ስምንት ቁጥር ጓዳ

ፌብሩዋሪ 20፣ ሐሙስ

አዲሱ ትራፓኖ ዛሬ ገባ። አቧራውን ራሱ የሚውጥ ነው። አፍንጫው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ፑንታው፣ የሚበሳው ብረት፣ በአፍንጫው መሀል አልፎ ይሰረስራል፣ የተፈጨው ሁሉ ከሆዱ ሥር ባለችው ቋት ይሰበሰባል። ቋቷ ብርጭቆ መሳይ ስለሆነች የዋጠው ሁሉ ከውጭ ይታያል። ካሊያፓን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጥቶ አንድ ቀዳዳ ሰረሰረና ደረቱን ነፍቶ አሳየኝ። አንዲት ብናኝ የለችበትም።

"እትዬ ጋይክ፣ ከእንግዲህ ለሠርግ ያሰፋሁትን ለብሼ ነው የምመጣው" አለኝ።

ከካሊ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የስም ድንጋይ ስንሰቅል እንዲህ ያለ ነገር ይዘን አናውቅም። አየር ኢር በሚባለው ቦታ ባለው ቤተ መቅደስ፣ የአመድ አዳራሹ ግድግዳ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ትንንሽ ጓዳ አለ። በየጓዳው አንድ ማሰሮ፣ በየማሰሮው ተቃጥሎ አመድ የሆነ አንድ ሰው። የድሮዎቹ ድንጋዮች በማጣበቂያ ስለተለጠፉ አንድ በአንድ እየወደቁ ነው። ለእያንዳንዱ ጓዳ አዲስ እብነ በረድ፣ አራት የነሐስ ብሎን፣ አራት ቀዳዳ። ቤተሰብ ሁሉ ሙታኑን ለመጠየቅ የሚጎርፍበት ቼንግ ቤንግ ኤፕሪል አራት ላይ ስለሚውል ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።

ድሮ ግራና ቀኝ ያሉትን ጓዳዎች ሳንከፍት፣ ማሰሮዎቹን ጠረጴዛ ላይ አውጥተን ጨርቅ ሳናለብስ አንሰረስርም ነበር፤ የሬሳ አመድ ላይ የሲሚንቶ ዱቄት መበተን ነውር ነው። ለዚያ ደግሞ የየቤተሰቡ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዛሬ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ቺያ ማሽኑን አገላብጠው አዩና "አቧራ ከሌለ ማሰሮ ማንሳቱ ለምን ይሆናል?" አሉ። እኔም ለምን ይሆናል አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት።

ፌብሩዋሪ 25፣ ማክሰኞ

አሥራ አንድ ጓዳ። እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ጉሮሮዬ አይከረክረኝም።

አባቴ ሥራውን ሲያስተምረኝ ከመሰርሰርሽ በፊት ሦስቴ አንኳኪ፣ ስሙን ጥሪ፣ "ትንሽ ልንረብሽዎ ነው፣ ይታገሱን" በይ ብሎኛል። የጎረቤቶቹንም እንዲሁ። ካሊ ዛሬ ሳቀብኝ። "አሁን እኮ አቧራም የለ፣ ጩኸቱም ግማሽ ነው። ይቅርታው የምኑ ነው?" እሱ ይሳቅ። የነሱ ሙታን አመድ ባሕር ላይ ይበተናል። "አንቺን ግድግዳ ውስጥ ያስቀምጡሻል፣ እኔን ትራፓኖ የማይደርስበት ይወስዱኛል" ይለኛል።

ግን እውነቱን ነው፣ ጊዜ ይፈጃል። የባለቤቱን ብቻ ላንኳኳ። ጎረቤቶቹ ይቅሩ።

ፌብሩዋሪ 28፣ ዓርብ

አንድ ነገር አልወደድኩለትም። ቃታውን ለቅቄ ፑንታው ከቆመ በኋላ ውስጡ ያለው ማራገቢያ ለጥቂት ጊዜ መሳቡን ይቀጥላል። ሰው ትንፋሹን ስቦ መልሶ ሳያወጣ የቀረ ይመስላል። ካሊ ማጣሪያው እንዳይታፈን ነው ይላል። መመሪያውም እንዲሁ ይላል።

ከጠዋት እስከ ምሳ 208 ፊት ለፊት በርጩማቸውን ዘርግተው የሚቀመጡት አጎቴ ይያፕ የምላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሚስታቸው ሳው ፓይክ ሊያን 208 ውስጥ ከገባች ሁለት ዓመት ሆናት። መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ ያሳርፉና ከጋዜጣው የሙታን ማስታወቂያ ገጽ ያነቡላታል። "ማን ጎረቤት ሊሆናት እንደሚመጣ አስቀድማ ማወቅ ትወዳለች" አሉኝ። ስትሰማ ድንጋዩ ይሞቃል ይላሉ። እኔም በትህትና ነካሁት። ድንጋይ ነው።

ማርች 5፣ ረቡዕ

በጥድፊያ።

209፣ ሦስተኛው ቀዳዳ። ፑንታው ሽቦ ነካ መሰለኝ፣ ወደ 208 በኩል ሸሸ። ከዚያ ድንገት ቀለለ። የድሮ ግንባታ ነው፣ ውስጡ ባዶ ባዶ ቦታ አለው። ደፈንኩት፣ ከጎኑ ሌላ ሰረሰርኩ። አሥራ አራት ጓዳ በአንድ ቀን፣ ከዚህ በፊት ሆኖልን አያውቅም።

209ን አንኳኩቻለሁ። 208ን አላንኳኳሁም፣ የሷ ተራ ነገ ነው።

ማርች 6፣ ሐሙስ

ቋቷን ልደፋ ስል ግራጫው ላይ ነጣ ያለ ንብብር አየሁ። ብርሃኑ ይሆናል ብዬ ወደ መስኮት ወሰድኳት። በመስኮቱም ነጭ ነው። ከዱቄቱ መሀል የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ቅንጣት አለበት። ግድግዳው ውስጥ የባሕር አሸዋ ገብቶበት ይሆናል፤ የድሮ ግንበኞች የባሕር አሸዋ ይጠቀሙ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

የቆሻሻ ከረጢቱ ውስጥ አልደፋሁትም። ማጣሪያውን በደንብ ላጥበው ብዬ ቋቷን እንዳለች ይዣት ወደ ቤት መጣሁ። መለዋወጫ ቋት አለን፣ ሥራ አይቆምም።

ማርች 7፣ ዓርብ

ቋቷን ነገ አጥባታለሁ። ማዕድ ቤት መደርደሪያ ላይ ናት።

208ን ዘለልኩት። መምህር ሁይ ዠን፣ አዳራሹን የሚጠብቁት መነኩሲት፣ ለምን ብለው ጠየቁኝ። ድንጋዩ ጠርዙ ላይ ተፈግፍጓል፣ እንደገና መወልወል አለበት አልኳቸው። ድንጋዩ ምንም አልሆነም። ለመነኩሲት ዋሸሁ፤ ያውም ሳልዘጋጅ፣ አፌ ላይ እንደመጣ።

ማርች 10፣ ሰኞ

ዛሬ ስነሳ ስድስቱም የሻይ ስኒዎች መደርደሪያው ላይ በአፋቸው ተደፍተው አገኘኋቸው። እኔ ስኒ ደፍቼ አላውቅም፤ እናቴ ስኒ ሲደፋ ዕድል ይደፋል ትል ነበር። ድካም ነው። ሰው ሲደክም እጁ የራሱን ይሠራል።

ቀና አድርጌ መለስኳቸው።

ማርች 11፣ ማክሰኞ

ስኒዎቹ ተደፍተዋል።

ማርች 13፣ ሐሙስ

አጎቴ ይያፕ ዛሬ ጋዜጣቸውን አልገለጡም። መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ወደኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ምን አድርጋችኋል?" አሉ።

"ምንም አጎቴ። ብሎን ነው የምናስረው። ምን ሆነ?"

"ካለፈው ሳምንት ረቡዕ ጀምሮ ዝም ብላለች። የተቆጣች ዝምታ ቢሆን አውቀዋለሁ፣ ሃምሳ ዓመት ስጠጣው የኖርኩት ነው። ይኼ ግን የሄደ ሰው ዝምታ ነው። የተዘጋ ቤት በር የማንኳኳ ይመስለኛል።"

ካሊ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ "አጎቴ፣ ገበያ ወጥታ ይሆናላ፣ የረመዳን ገበያ ደርሷል እኮ" ሲላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብቼ ጥቂት ተቀመጥኩ።

ረቡዕ እንዳሉ ልብ አላልኩም ብዬ እዚህ መጻፍ እችል ነበር።

ማርች 16፣ እሑድ

ሥራ የለም። ቤት ዋልኩ። ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት፣ ሁሉንም ልጽፍ።

የምኖረው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመስኮቴ ፊት ለፊት አዲስ ሕንፃ እየቆመ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አቧራው ይገባል፤ እኔ ግን ሙቀቱን ስለማልችል መስኮት አልዘጋም። ከሳምንት ወዲህ ከሥራ ስመለስ መስኮቱ ተዘግቶ ነው የማገኘው። መደርደሪያው ተወልውሏል። ወለሉ ላይ ስሄድ እግሬ ሥር የሚንኮሻኮሽ አሸዋ የለም። ማዕድ ቤቱ የገውዝ ዘይት ይሸታል፣ አሮጊቶች ጉልበታቸውን የሚያሹበት ዓይነት። እኔ ቤት የገውዝ ዘይት ኖሮ አያውቅም።

ቋቷ ያው እዚያው ናት። ሐሙስ ዕለት ነቅንቄያት ነበር፤ ነጩ ከግራጫው እንዲቀላቀልና እንዳላየው። ተቀላቀለ። ዓርብ ጠዋት ነጩ ከላይ ተመልሶ ነበር፣ ተደላድሎ። ቀላል ነገር ወደ ላይ ይወጣል፤ ይኼ የታወቀ ነው። ቋቷን የነካት ግን የለም።

እፈራለሁ። ምኑን እንደምፈራ ግን ልጻፍ ካልኩ እንዲህ ነው። ሌባ ቢሆን ጎረቤት እጠራ ነበር። ይኼ ግን ቤቴን የሚያጸዳ ነው። ሰው ቤቱን የሚያጸዳለትን ምን ብሎ ይከሳል? እናቴ ከሞተች ወዲህ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ከኔ ሌላ ማንም በዚህ ቤት ስኒ አላነሳም።

ግድግዳው ውስጥ የባሕር አሸዋ እንደሌለ አውቃለሁ። እኔ ነኝ የማውቀው፤ አራት መቶ ጊዜ ሰርስሬዋለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ማርች 19፣ ረቡዕ

ካሊ "ያቺኛዋ ቋት የት ገባች?" አለኝ። ተሰነጠቀች አልኩት። ካሊን ዋሽቼው አላውቅም ነበር።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ ልደፋት ነበር። የዕቃ ማጠቢያውን ውኃ ከፈትኩ፣ ቋቷን አነሳሁ፣ ክዳኗን ያዝኩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ 208ን እሰቅላለሁ፣ ድንጋዩ አንዴ ከታሰረ ያለኮሚቴውና ያለቤተሰቡ የሚከፍተው የለም፣ ሃምሳ ዓመትም ማንም አያይም። ቼንግ ቤንግ ያልፋል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የኋለኛውን አዳራሽ ሥራም ለኔ ይሰጡኛል።

ውኃው ቆመ። ቧንቧውን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም። የሕንፃው ውኃ ተቋርጦ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ይቋረጣል። የጎረቤቴ ውኃ ግን በግድግዳው በኩል ሲወርድ ይሰማኝ ነበር።

ቋቷን ወደ መደርደሪያዋ መለስኳት። ይቅርታ አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ብቻዬን ማዕድ ቤት ቆሜ። ምነው በዚያ ረቡዕ ብዬው ቢሆን። ሦስት ማንኳኳት ነበር እኮ፣ ሦስት ብቻ።

ማርች 26፣ ረቡዕ

አጎቴ ይያፕ ከስተዋል። በርጩማቸውን ከ208 ፊት አንስተው አዳራሹን እየዞሩ ይቀመጣሉ፤ አንዴ በሩ ጋ፣ አንዴ ከመብራቶቹ ሥር። "እየፈለግኋት ነው" ይላሉ። ዛሬ በመጨረሻ መጥተው እኔ ከቆምኩበት መሰላል ሥር ዘረጉት። መዳፋቸውን የትራፓኖው ሳጥን ላይ አሳረፉ። ጋዜጣቸውን አውጥተው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሙታኑን ማንበብ ጀመሩ።

ከመሰላሉ መውረድ አቃተኝ። ያነበቧቸውን ሁሉ ሰማሁ። ሰባት ሰዎች ነበሩ።

ማርች 29፣ ቅዳሜ

ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት። ቀሪው አሥራ አራት። ከነሱ አንዷ 208።

መምህር ሁይ ዠን፣ "የተወለወለው ድንጋይ አልደረሰም?" አሉኝ። ሰኞ አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ያዩኝ እንደዋሸ ሰው አልነበረም፤ እንደታመመ ሰው ነው ያዩኝ።

ማርች 31፣ ሰኞ

አሥራ ሦስቱ አለቁ።

ኤፕሪል 1፣ ማክሰኞ

ነገርኳቸው።

ጠዋት ገና ካሊ ሳይመጣ። ቋቷን በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ፣ ከአጎቴ ይያፕ በርጩማ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጨርቁን ፈታሁት። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም።

"አጎቴ፣ ፑንታው ሸሽቶብኝ ነው" አልኩ። "የጎረቤቷን ስሰረስር ማሰሮዋን ነካሁት። ማሽኑ ስቦ አወጣት። ማሰሮዋን ማንሳት ነበረብኝ፣ አላነሳሁም። ማንኳኳት ነበረብኝ፣ አላንኳኳሁም። ያን ቀን አውቄያለሁ። ዝም አልኩ።"

ቋቷን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ወደ ብርሃኑ አነሷት። ነጩ ከላይ ነበር።

"ስንት ቀን ሆነ?" አሉ።

"ሃያ ሰባት።"

"የት ነበረች?"

"ቤቴ። ማዕድ ቤት።"

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ የፈለጉ ይመስል፣ "ምን ስትሠራ ነበር?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። መስኮቱን። መደርደሪያውን። የገውዝ ዘይቱን ስጠራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ስኒዎቹንስ?" አሉ፣ እኔ ሳልደርስበት።

"ትደፋቸዋለች" አልኩ። "በየማለዳው። ስድስቱንም።"

"አቧራ አትወድም" አሉ። "ሃምሳ ዓመት ስትደፋ ኖረች። እንግዳ ቤት ሄደን እንኳ የሰው ስኒ ደፍታ ታሳፍረኛለች።" ሳቅ ነው ብዬ ነበር፣ አልነበረም። ቋቷን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ "ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅኋት፣ ልጄ" አሉ። "አልጋዋን አላነሳሁም። ዘይቷን አልጣልኩም። ማታ ማታ ስኒዎቼን አፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ ነው የምተኛው። አንድ ቀን፣ አንድም ቀን አልደፋችልኝም። አንቺ ዘንድ ሃያ ሰባት ቀን።"

ይቅርታ ለዚህ የሚሆን አይደለም።

ነገ መምህር ባሉበት ጓዳው ተከፍቶ ወደ ማሰሮዋ እንደምትመለስ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጋዜጣቸውን ዘርግተው ቋቷን ጠቀለሏት፣ ዳቦ እንደሚጠቀለል፣ ጠርዙን ደህና አድርገው አጠፉት።

"ለዛሬ ብቻ ቤት ልውሰዳት" አሉ። "ነገ በጠዋት አመጣታለሁ።"

ደንቡ አይፈቅድም። ደንቡን ለማስከበር ግን ከሰው ሁሉ መጨረሻ የምገኘው እኔ ነኝ። በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። አውቶቡስ ሲሳፈሩ ሹፌሩን ቀስ ብለህ ንዳ ሲሉት ሰማሁ።

ኤፕሪል 2፣ ረቡዕ

208 ተከፈተ። ማሰሮዋ ጎኑ ላይ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፣ ከግድግዳው ቀዳዳ ትክክል። እንዲህ ትንሽ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ካሊ አየና ወደኔ ዞረ፣ አንድም ነገር አልቀለደም። "ለኔ መናገር አቅቶሽ ነው?" ብቻ አለኝ። አዎ፣ አቅቶኝ ነው።

አጎቴ ይያፕ በሰዓቱ መጡ። ጋዜጣውን ፈትተው ቋቷን ራሳቸው በማሰሮዋ አፍ ገለበጧት። መምህር ሁይ ዠን ጸሎቱን አደረሱ። ሲሚንቶው አብሯት ገባ፣ መለየት አይቻልም። ስለሱ ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ "ግድ የለም፣ ትጠርገዋለች" አሉ። ቀዳዳዋን በሰም ደፈንን። ሦስቴ አንኳኳሁ፣ ስሟን ጠራሁ፣ ግራና ቀኝ ላሉትም እንዲሁ። አራቱን ብሎን በእጄ አሰርኩ።

ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፉ ልጠይቃቸው ፈልጌ አልደፈርኩም። ሥራው ሲያልቅ መምህር ሻይ አመጡላቸው። ጥርግ አድርገው ጠጡና፣ "እንዲያው ጠምቶኝ ነው የመጣሁት" አሉ። "ዛሬ ጠዋት ቤት ሻይ አልጠጣሁም።"

"ለምን?" አልኳቸው።

"ስኒዎቹን መንካት አልፈለግሁም።"

ከዚያ መዳፋቸውን አዲሱ ድንጋይ ላይ አሳረፉ።

ኤፕሪል 3፣ ሐሙስ

ለአቶ ቺያ ሁሉንም ነገርኳቸው። መምህር አስገድደውኝ አይደለም፣ ቆመው እየጠበቁኝ ስለነበር ነው። ከእንግዲህ አቧራ ኖረም አልኖረም ማሰሮ ሳይነሳ አይሰረሰርም ተባለ። የኋለኛው አዳራሽ ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ካሊ "እኔ ከሌላ ሰው ጋር አልሠራም፣ ማን ይስቅልኛል" አለ። ትራፓኖውን ጠርገን ሳጥኑ ውስጥ መለስነው። ለመጨረሻ ጊዜ ቃታውን ስለቅ ማራገቢያው ወዲያው ቆመ። መመሪያው እንደሚለው አልቀጠለም።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ትናንት አዳራሹ እግር ማስገቢያ አልነበረውም። አበባው፣ ብርቱካኑ፣ የልጆቹ ሩጫ። አጎቴ ይያፕ ከሩቅ አይተውኝ እጃቸውን ከድንጋዩ ሳያነሱ በሌላው እጃቸው ጠሩኝ። አልሄድኩም። ሁለቱን ብቻቸውን መተው ይሻላል ብዬ ነው። እንዲያ ብዬ ነው የማስበው።

ከረቡዕ ጀምሮ ከሥራ ስመለስ መስኮቱ እንደተውኩት ክፍት ነው። አቧራው ይገባል፣ ወለሉ ይንኮሻኮሻል። ማዕድ ቤቱ ምንም አይሸትም። መደርደሪያው ላይ ቋቷ የነበረችበት ቦታ ክብ ንጹሕ ምልክት ቀርቷል፤ ዙሪያውን አቧራ እየያዘው ነው።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ስድስቱም ስኒዎች አፋቸው ወደ ላይ ነበር፣ ማታ እንደተውኳቸው። ውስጣቸው ጥቂት ግራጫ ብናኝ ነበረባቸው። ከዚያ አንድ በአንድ አጠብኳቸውና፣ እኔው ራሴ፣ ደፋኋቸው።